መሸኛው ላይ ያልተጻፈ



አንዲት ልጅ ቤይሩት ወይም ዱባይ ልትሄድ ስትነሣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ መካሪ ይሆናል። ሙቀቱን ትችይዋለሽ ወይ? ምግባቸው ምንድን ነው? ብትታመሚ ማን ያሳክምሻል? ወረቀትሽ አልቋል? ይባላል። ያችው ልጅ መምህርት ሆና ከመንዝ ደጋ ወደ እኛ ቆላ፣ ወደ ጀውሃ፣ ተመደበች ሲባል ግን «እሰይ፣ እዚሁ ቅርብ ናት» ተብላ ትመረቅና አውቶቡስ ተራ ትሸኛለች። ማንም ምንም አይጠይቃትም፤ እሷም ማንንም አትጠይቅም። ከቀበሌ የያዘችው መሸኛ ስሟን፣ ዕድሜዋንና የምትሄድበትን ቦታ ይናገራል። ከዚያ ሌላ የሚነግራት ነገር የለም።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች። ሰው በገዛ አገሩ ውስጥ ሲዛወር የማይጠይቀው አገሩን የሚያውቅ ስለሚመስለው ነው። ብሩ አንድ ነው፣ ሰንደቅ ዓላማው አንድ ነው፣ እዚህ እኛ ዘንድ ደግሞ ቋንቋውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህ አንድነት ስንቱን ነገር እንደሚሸፍንብን ነው። በአገር ውስጥ የሚዛወር ሰው ወደ ውጭ ከሚሄደው ባልተናነሰ መጠየቅ አለበት፤ ተቀባዩም ሳይጠየቅ መናገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ። በመሀሉ ጣርማ በር አለ፤ መኪናው ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ጣሊያን ተራራውን በስቶ በሠራው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይለወጣል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ መንገደኛ አርማንያ ሲደርስ ጋቢውን ያጥፋል፣ ሮቢት ሲገባ ሹራቡን ያወልቃል፣ ጀውሃ ሳይደርስ ደግሞ «መስኮት ይከፈት» እያለ ከጎኑ ከተቀመጡት እናት ጋር ይከራከራል። አሥር ዲግሪ ማለት ቀላል አይደለም። ከስቶክሆልም ተነሥቶ ሮም የሚገባ ሰው፣ ስንት ድንበር ተሻግሮ፣ የሚያገኘው የዓመት አማካይ የሙቀት ልዩነት ከዚህ አይበልጥም። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ሸዋ ሮቢት የትምባሆ እርሻ የተቋቋመባቸው በአጋጣሚ አይደለም። ፋብሪካውንም እርሻውንም ያቋቋሙት ሰዎች ስለ ቦታው ጠይቀዋል። ሰው ሲመደብ ነው ይህ ጥያቄ የሚቀረው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እሱም ወባ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይህን እንድትይዙልኝ እለምናለሁ።

የትምህርት ዓመቱ መስከረም ላይ ይከፈታል። አዲሱ መምህር ሻንጣውን ይዞ የሚወርደው ያኔ ነው። መስከረም ላይ ክረምቱ ይወጣል፤ ኩሬውና ረግረጉ ግን ይቀራል፣ ፀሐይ ይሞቀዋል፣ ትንኝም ይፈላበታል። በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ከበልግ ዝናብ ቀጥሎ በሚያዝያና በግንቦት አነስ ያለ ሁለተኛ ወቅት አለ። ትምህርት የሚከፈትበትና ወባ የሚከፈትበት ወር አንድ ወር ነው። ወባ ነክቶት የማያውቀውን፣ ሰውነቱ ምንም ያልለመደውን የደጋ ልጅ፣ በዓመቱ ውስጥ በከፋው ወር ወደ ቆላ እናወርደዋለን። ይህን ክፉ ሰው አላቀደውም፤ የቀን መቁጠሪያውን ከሐኪሙ ጋር ሆኖ የተመለከተው ስለሌለ ነው።

ትንኟ ከነደፈች በኋላ በሽታው ብቅ እስኪል አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ አዲሱ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት በደኅና ይከርምና «ወባ ወባ የሚሉት አጋነውት ነው» ይላል። ከዚያ ራሱን ያመዋል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል። ደጋ ላይ ይህ ጉንፋን ነው፤ ዝንጅብል ፈልቶ ይጠጣል፣ ተሸፋፍኖ ይተኛል፣ ላብ ሲወጣ ይለቃል። ጀውሃ ላይ ተሸፋፍኖ መተኛት ሞት ሊሆን ይችላል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት በአንድ ቀን ውስጥ ሊጠና፣ ወደ ጭንቅላት ሊወጣ ይችላል። ቆላ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ትኩስ ሲሆን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የደጋው ሰው ሦስት ቀን ይተኛል፤ የሚጎዳውም በነዚያ ሦስት ቀናት ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። ደም ሳይመረመሩ ከሱቅ ኮአርቴም ገዝቶ መዋጥ ለብዙ ሰው ጀግንነት ይመስለዋል። እኛ ዘንድ በብዛት ያሉት የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው፤ ሕክምናቸውም አንድ አይደለም። ቫይቫክስ የሚባለው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። መምህሩ ሰኔ ላይ ለዕረፍት መንዝ ወጥቶ፣ እናቱ ቤት ብርድ ልብስ ለብሶ ቢንዘፈዘፍ፣ የሰፈሩ ሰው ብርዱ ነው ይላል። ስለዚህ ከቆላ የተመለሰ ሰው ደጋ ላይ ቢያተኩሰው ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚናገረው «ጀውሃ ነበርኩ» የሚለውን መሆን አለበት።

ይህ ማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሰው ይዞ 150,000 ያህል ገድሏል ተብሎ ይገመታል። ክንዱ የበረታው ወባ ዘወትር በማይኖርባቸው፣ ሰዉ ምንም መከላከያ ባልነበረው ከፍ ያሉ ቦታዎች ላይ ነበር። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም ከዚያ በኋላ ነው። «ያ ድሮ ቀረ» የሚል ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከሰባት ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን ገልጿል።

የጥንት የደጋ ገበሬዎች ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው ዘዴውን ያውቁት ነበር። ቆላ መሬት ያለው ሰው ጠዋት ወርዶ ያርስ ነበር፤ ሲመሽ ግን እዚያ አያድርም፣ ወደ ደጋው ይወጣል። የወባ ትንኝ በሌሊት እንደምትናደፍ የዛሬ ሳይንስ ነግሮናል፤ እነሱ ግን ሳይነገራቸው ኖረውበታል። እኛ ደመወዝ ይዞን ታች ስለምናድር ምትኩ አጎበር ነው። አሁን ደግሞ አዲስ ጉድ መጥቷል። ከእስያ የገባች፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በቀብሪ ደሃር ታየች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋን ካጠቃው የወባ ወረርሽኝ ጀርባም ነበረችበት። እሷ ረግረግ አትፈልግም፤ ክዳን የሌለው የውሃ በርሜል ይበቃታል። ከተማ ስለሆንኩ አይነካኝም ማለት ከእንግዲህ አይሠራም። በርሜላችሁን ክደኑ።

በሽታ ከሰው ጋር ወደ ላይም ይወጣል። በክልላችን ሊቦ ከምከም ወረዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 ካላ አዛር የተባለው በሽታ መግባቱ ሲታወቅ አገሬው ብዙ ሰው ቀብሮ ነበር። በሽታው መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ተቆጥሮ ነበር። ተመራማሪዎች የሚገምቱት ከሁመራና ከመተማ የሰሊጥ እርሻ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች በኩል ወደ ደጋው እንደዘለቀ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ወቅታዊ ሥራ ነው፤ ወጣቱ ለጥቂት ወር ወርዶ ብር ይዞ ይመለሳል። ሲመለስ ግን ማንም የት ነበርህ ብሎ አይመረምረውም።

ስለ መዛወር ካነሣን ከሁሉ የከበደውን መዛወር ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ሰው ጭኖ ወደ አገራችን ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ወሰደ፤ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ። በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ የተጓዘው 600,000 ያህል ሰው ነው። ከእናንተ መካከል ወገኑ በዚያ የቀረበት ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሰፈራ ተመራማሪዎቹ ደሳለኝ ራህመቶም አሉላ ፓንክረስትም ብዙ አጥንተው ጽፈዋል። በግድ ስለ መጫኑና ስለ መለያየቱ ሌላ ጊዜ መነጋገር ይቻላል፤ እኔ ለዛሬው ርእሳችን የምፈልገው የዕለት ኑሮውን ብቻ ነው።

ሰፋሪው የተጫነው አራሽ ነው ተብሎ ነው። አዎን፣ አራሽ ነው፤ ግን የምን አራሽ? የገብስ፣ የስንዴ፣ የጤፍ አራሽ ነው፤ በበሬ አራሽ ነው። መተከል ላይ የቆላ ዝንብ አለ፤ የቆላ ዝንብ ገንዲ ታመጣለች፤ ገንዲ በሬ ይገድላል። ስለዚህ የሰውየው ዕውቀት ግማሹ ከበሬው ጋር ሞተ። መንግሥት ትራክተር አቀረበ፤ ፓዌ ላይ በኢጣልያ ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተተከለ። ደርግ ሲወድቅ ፕሮጀክቱም ቆመ፣ ትራክተሩም ቆመ፣ ሰውየው በሬም ትራክተርም ሳይኖረው ቀረ። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጎተራውን ምስጥ ይበላዋል። ለምግብ የሚታደለው በቆሎ ነው፤ የደጋ ሴት በቆሎን እንዴት እንጀራ ታድርገው? ወባው ደግሞ ከላይ የነገርኳችሁ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። የመሬቱ ነባር ባለቤቶች ጉሙዞችም መሬታቸው ለእንግዳ ሲሰጥ አልተጠየቁም፤ እንግዳው ስለ አገሩ እንዲያስተምሩትም አልተጋበዙም። ገንዲ የት እንዳለና ውሃው መቼ እንደሚበዛ፣ የትኛው መሬት በምን እንደሚለማ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ።  የአገሩን ሰው ግን የጠየቀ አልነበረም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው የሰፈራ ፕሮግራም ከዚህ የተማረ ነገር ነበረው። በሦስት ዓመት 440,000 አባወራ፣ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ሰው ለማስፈር ያቀደ ነበር። ሰፈራው በፈቃድ እንዲሆን፣ ሰውም ከክልሉ እንዳይወጣ ተወሰነ፤ ከእኛ ክልል የሄዱት ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደዚያው አካባቢ ነው። አፈጻጸሙ ብዙ ጉድለት ነበረበት። አንዲት አንቀጹ ግን ከሁሉ ትበልጥብኛለች፤ ሰፋሪው ጥሎት የሄደው መሬት እስከ ሦስት ዓመት ድረስ በስሙ እንዲቆይለት፣ ካልተስማማውም እንዲመለስ ትፈቅድ ነበር። ያችን አንቀጽ የጻፈው ማን እንደሆነ ባውቅ አመሰግነው ነበር። ዛሬም ለመሄድ ለምትነሡ ወጣቶች የምለው ይህንኑ ነው፤ መመለሻ መንገዳችሁን አትዝጉ። መሬት ያላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የምታከራዩትን በጽሑፍ አስመዝግቡ። በቃል «ያዝልኝ» የተባለ መሬት ስንት ወንድማማች እንዳጣላ እዚህ ያላችሁ ሽማግሌዎች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ከዚህ ከባድ ነገር ትንሽ ልውጣና ወደ ማዕድ ቤት ልግባ።

ከደጋ የወረደች ባለ ትዳር መጀመሪያ የምትጣላው ከሊጧ ጋር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሦስትና አራት ቀን የሚጠብቅ ሊጥ እዚህ በማግስቱ ኩፍ ብሎ ይጠብቃታል። ለሳምንት የጋገረችው እንጀራ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ስለዚህ እዚህ ትንሽ ትንሽ አቡክቶ ቶሎ ቶሎ መጋገር ነው፤ ይህም የማገዶውን ሒሳብ ይለውጠዋል። በሌላ በኩል ባቄላና አተር የሚበስልበት ጊዜ ያጥራል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ ዘጠና ዲግሪ ገደማ ላይ ሲፈላ እዚህ ዘጠና አምስት ያልፋል። ቅቤው አይረጋም። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ግሩም ነው፤ ሲያድር ይደርቃል፣ ስለዚህ በጤፍ መደባለቁን ከጎረቤት መማር ይሻላል። ልብሱንም እንዲሁ፤ ሽርጥ የታጠቀ ሰው አይታችሁ የምትስቁ የደጋ ልጆች በኅዳር ተመልሳችሁ ንገሩኝ።

ሥራውም ሰዓቱን ይለውጣል። ቆላ ላይ እርሻ የሚሠራው ማለዳ ነው፤ አራት ሰዓት ካለፈ ፀሐይዋ አታሠራም፣ ቀጥሎ የሚወጣው ወደ ማታ ነው። በአፋርና በጋምቤላ፣ በድሬዳዋም፣ የመሥሪያ ቤት ሰዓት እንኳ ከሙቀቱ ጋር ተስማምቶ ማለዳ ይገባል፣ ቀትር ላይ ረጅም ዕረፍት አለው። መንግሥት ለሞቃት ቦታ ሠራተኞቹ የበረሃ አበል የሚከፍለውም ሙቀቱን ሥራ እንደሆነ ስለተቀበለ ነው። የሚገርመኝ አበሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጫማ ከማድረግ በፊት ለጊንጥ ማራገፍን ግን የሚነግር የለም።

ስለ ወንዙ ደግሞ አጥብቄ ልናገር። የጀውሃ ወንዝ፣ ሮቢም፣ የአጣዬ ወንዝም ከደጋው ጫፍ ተነሥተው ወደ አዋሽ የሚወርዱ ናቸው። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ዝናብን በራሱ ላይ ሲወርድ ነው የሚያውቀው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ እየጠበሰችህ፣ ደረቁን የወንዝ ሆድ አቋርጠህ ስትሄድ ላይ መንዝ ጫፍ የዘነበው ዝናብ ድንገት ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ደራሽ ውሃ ማለት ይህ ነው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ከብት አያሳርፉም፣ ሞተር ብስክሌት አያቆሙም፣ ልጅ አያጫውቱም። ወደ ምዕራብ ተራራው ላይ ከጠቆረ አገሬው ቆሞ ይጠብቃል፤ እናንተም ቁሙ።

መሬት ተከራይቶ ለማልማት የሚመጣው ሰው ሌላ ሒሳብ አለው። ደጋ ላይ የለመደው የቤተሰብ እርሻ ነው፤ እዚህ ሽንኩርት በመስኖ፣ ማሾ ለገበያ፣ ማሽላ ለጎተራ ነው። ዘር፣ ማዳበሪያና የውሃ ተራ ብሎ ያሰላል። የውሃው ተራ በውሃ አባቶች እጅ ነው፤ ተራህን ሳታውቅ ቦይ ከከፈትክ የምትጣላው ከመንደሩ ሁሉ ጋር ነው። ሽንኩርቱ ሲደርስ ዋጋ የሚናገረው ደላላው ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ እንደ ገብስ በጎተራ ተቀምጦ ቀን አይጠብቅልህም። ሁሉንም አስልቶ የሚረሳው ግን ግሪሳን ነው። ማሽላው እሸት ሲሆን ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይወርዳል፤ አንዷ ወፍ በቀን የምትበላው አሥር ግራም ገደማ ነው፣ ሲመጣ ግን በሚሊዮን ነው። ስለዚህ ማማ መሥራት፣ ወንጭፍ የሚወነጭፍ ወፍ ጠባቂ መቅጠር የምርቱ ወጪ አካል ነው። የደጋ ገበሬ በሒሳቡ ውስጥ ወፍ አስገብቶ አያውቅም።

አሁን ስለ ወረቀት። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገበት የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና መኖሪያውን የመምረጥ ነፃነት እንዳለው ይናገራል። ነፃነቱን የሚያስፈጽመው ግን የቀበሌው ማኅተም ነው። ከለቀቅክበት ቀበሌ መሸኛ ካላመጣህ አዲሱ ቀበሌ አይመዘግብህም፤ ካልተመዘገብክ የነዋሪነት መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ ከሌለ ብዙ በር ይዘጋል። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው የፋይዳ መታወቂያ ይህን ያቀልልናል የሚል ተስፋ አለ፤ ባለ 12 አሃዝ ቁጥሩ በየትም ቦታ አንድ ነው። ሆኖም ፋይዳ ማን መሆንህን እንጂ የት መኖርህን አያረጋግጥም። መሸኛው አልቀረም። ከመነሣታችሁ በፊት ያዙት፤ ከተነሡ በኋላ ለአንድ ወረቀት መመለስ የሚያስከፍለውን የመኪና ዋጋ ታውቁታላችሁ።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንም እንዲሁ ነው። የዓመቱን መዋጮ የከፈላችሁት በወረዳችሁ ነው፤ ካርዱ የሚያገለግለውም ከወረዳው ጋር ውል ባላቸው የጤና ተቋማት ነው። መንዝ የከፈለ ሰው እዚህ ሲታመም ካርዱ ኪሱ ውስጥ እያለ ከኪሱ ይከፍላል። ይህ እንዲታረም እኔ አጥብቄ የምጠይቀው ነገር ነው። ሕንድ በዝቅተኛ ዋጋ እህል የሚታደልበትን ካርድ ሰው በሄደበት ክፍለ ግዛት ሁሉ እንዲሠራ አድርጋለች፤ ለእህል ከተቻለ ለመድኃኒት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ቻይና ደግሞ ሌላውን መንገድ አሳይታለች። እዚያ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቆየው የነዋሪነት ምዝገባ የተነሣ ቤጂንግ ተወልዶ ያደገ የስደተኛ ሠራተኛ ልጅ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወደ አባቱ ክፍለ ግዛት የሚመለስበት ጊዜ አለ። የእኛ የ12ኛ ክፍል ፈተና አገር አቀፍ በመሆኑ ከዚህ ተርፈናል።

ከዚያ በታች ባሉት ክፍሎች ግን አልተረፍንም። አሥራ ሁለት ክልሎችና ሁለት የከተማ አስተዳደሮች አሉን፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚያወጣው እያንዳንዱ ለራሱ ነው፣ የማስተማሪያ ቋንቋውንም፣ ሒሳብና ሳይንስ ከስንተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥም የሚወስነው እያንዳንዱ ነው። ልጅ ይዛችሁ የምትዛወሩ ወላጆች፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ያለን ልጅ በዓመቱ መሀል አታዛውሩ። ደግሞ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጀውሃ በስተሰሜን ሰንበቴ ስትደርሱ፣ ክልሉ ያው አማራ ክልል ሆኖ ሳለ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ይጀምራል፤ የመሥሪያ ቤቱም የትምህርት ቤቱም ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። የእሑድ ገበያው ግን ቋንቋ አይመርጥም፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ሁሉም በሚያውቀው ይገበያያል። ሰንበቴ የተመደበ የጀውሃ ልጅ ገበያው ላይ የሚግባባበት አማርኛ ቢሮ ውስጥ እንደማያስኬደው ቀድሞ ይወቅ፤ ቋንቋውን ይማር፣ አያከስርም።

ይፋት ለእንግዳ አዲስ አይደለችም። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ እዚህ ሲነግሥ ከዘይላ የሚመጣው ነጋዴ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ በኩል ነበር። ዛሬም ቢሆን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቀበሌ ውስጥ ነው የሚኖረው። መንዝ ላይ በሬ የማይጠመድበት ቀን በሚካኤል፣ በማርያም፣ በበዓለ ወልድ ሲቆጠር የኖረ ሰው እዚህ ዓርብ ቀትር ጎረቤቱ እንደማይገኝ ይልመድ። እድሩን፣ ቅሬውን ቶሎ ይግባ። እንግዳ ነኝ ብሎ ዓመት የሚያመነታ ሰው ሐዘን ሲመጣበት ብቻውን ይሆናል፤ ሐዘን ደግሞ እንግዳ ነህ ብሎ አያልፍም።

ወደ ላይ የሚሄደውም ተመሳሳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢው ሲቃጠል ስንት የቆላ ሰው በለበሳት ስስ ልብስ ደብረ ብርሃን መግባቱን ታስታውሳላችሁ። የሚያስጠጋ ሰው ተገኘ፣ እንጀራም ተገኘ፤ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ግን ሕፃናቱን ያስቸገረው ብርዱ ነበር። ዛሬም በሰላም ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ የምትወጡ ልጆች አላችሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከመጀመሪያው ደመወዛችሁ በፊት ብርድ ልብስ ያስፈልጋችኋል፤ ለዚያ የሚሆን ብር ከዚህ ይዛችሁ ውጡ። ቤት ስትከራዩ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ አዲሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል።

 መስከረም ሲጠባ ከላይ የሚወርደው አውቶቡስ አዲስ መምህርና አዲስ ነርስ ያራግፋል። የቤት ባለቤቶች ሆይ፣ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት አጎበሩን ስቀሉላቸው፣ የውሃ በርሜሉንም ክዳን ፈልጉለት። የወንዙን ነገር ንገሯቸው፤ ትኩሳት ከተሰማቸውም ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ርእሳነ መምህራን፣ በመጀመሪያው የስብሰባ ቀን ከክፍለ ጊዜ ድልድሉ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ግማሽ ሰዓት አናግሩልን። ከደጋ የመጣችሁም አትፈሩ፣ ጠይቁ፤ የጀውሃ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።